የሱቋ ልጅ እና የእናቴ ስልክ

ፍራንክፈርት ውስጥ ከቤቴ ሥር አንድ ዳቦ ቤት አለ። በሩ ላይ «ካርድ አንቀበልም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከተማዋ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ መቀመጫ ናት፤ እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ለዳቦ ሳንቲም እቆጥራለሁ። አዲስ አበባ፣ እናቴ ሰፈር ጉሊት ላይ ጎመን የምትሸጠው ሴት ደግሞ የቴሌብር ቁጥሯን ካርቶን ላይ ጽፋ ከሽንኩርቱ አጠገብ አቁማዋለች። ባለፈው ዓመት ለእረፍት ስሄድ ያንን ካርቶን ካየሁ ወዲህ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ።

አዲስ ነገር አልለመድ ሲል ቶሎ የሚወቀሰው ሕዝቡ ነው። «አልተማረም፣ አርጅቷል፣ ቴክኖሎጂ ይፈራል» ይባላል። ጀርመኖቹ ግን ተምረዋል፤ ኢንተርኔቱም በእጃቸው ነው። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2023 ባካሄደው ጥናት፣ ከግዢው ብዛት 51 በመቶው የተከፈለው በካሽ ነው። መማር ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ጎረቤቴ የ78 ዓመት አዛውንት ናቸው። ተወልደው ያደጉት ላይፕዚግ፣ በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን ነው። የባንክ ካርድ አላቸው፤ ከቦርሳቸው ግን አይወጣም። አንድ ቀን ቡና አፍልቼ ጠርቻቸው ምክንያቱን ጠየቅኳቸው። ወዲያው አልመለሱልኝም። ስኒውን አስቀምጠው ስለ አባታቸው ይነግሩኝ ጀመር። የምሥራቅ ጀርመን የስለላ መሥሪያ ቤት፣ ሽታዚ፣ በዜጎች ላይ የያዘውን ፋይል ባለቤቶቹ እንዲያዩት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1992 ነበር። እሳቸውም ሄደው የአባታቸውን ፋይል አነበቡ። ቤታቸው ማን እንደገባ፣ በስንት ሰዓት እንደወጣ፣ ምን ይዞ እንደነበር ተጽፏል። «ከጻፉት አንዱ ሠርጌ ላይ የጨፈረ ሰው ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ካርዱ አላነሳሁባቸውም።

እዚሁ ጀርመን ሌላም ነገር አየሁ። የሕክምና መዝገብን በዲጂታል መያዝ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። የፈለገ ይመዝገብ ተባለ፤ ከመቶ አንድ ያህል ሰው እንኳ በቅጡ አልተመዘገበም። በ2025 አሠራሩ ተገለበጠ። ለሁሉም ይከፈት፣ የማይፈልግ ግን እምቢ ይበል ተባለ። አብዛኛው ሰው ዝም አለ፣ መዝገቡም ተከፈተለት። ሕዝቡ ያው ነው፤ የተለወጠው የጥያቄው አቀራረብ ብቻ ነው። ዝምታ መፈለግ ነው ብሎ መደምደም ግን ይከብደኛል።

ወደ አገር ቤት ልመለስ። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ2013 ግንቦት ወር ነው። ዛሬ ተመዝጋቢው ከ40 ሚሊዮን አልፏል። ስማርት ስልክ የግድ አይደለም። ባለ ቁልፍ ቀፎ ላይ ኮከብ 127 መሰላል ተጭኖ ብር መላክ ይቻላል፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለእናቴና ለእኩዮቿ በሩን የከፈተላቸው እሱ ነው።

ግን መመዝገብ ሌላ፣ ማመን ሌላ። በ2015 ሚያዝያ ወር አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በካሽ መቅዳት ቀረ፣ በስልክ ብቻ ሆነ። ያሳፈረኝን የላዳ ሹፌር ለምዶት እንደሆነ ጠየቅኩት። «ለነዳጅ ነው እንጂ!» አለኝ። ማደያው ጋ ሲደርስ ልክ የሚቀዳውን ያህል ያስገባል፤ ሳንቲም አያሳድርበትም። የቀን ገቢው ያለው ደረት ኪሱ ውስጥ ነው። በቁጥር ሲታይ እሱም ተጠቃሚ ነው።

ጉሊቷ ሴት ግን በፈቃዷ ነው የገባችበት። እህቴ የጎመንና የሽንኩርት ሒሳብ ላከችላት። መልእክቱ አልመጣም፤ ኔትወርክ የለም። እህቴ «ይኸው ተልኳል» ብላ ስልኳን ዘረጋችላት። ሴትዮዋ ዘወር ብላ እንኳ አላየችውም። በውሸት ስክሪንሾት የተበሉ ሰዎችን ታውቃለች። የራሷን ቀፎ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። እኛም ቆመን ጠበቅን። ቆይታ ቀና ብላ አየችንና «ሂዱ በቃ፣ የእትዬ ልጆች አይደላችሁ? ካልገባ ነገ ታመጡልኛላችሁ» አለች። ከሁለቱም ስልክ በላይ ያመነችው እናታችንን ነው።

ፍራንክፈርትም ያው ነው። ቅዳሴ ሲያልቅ ትልልቆቹ አባቶችና እናቶች ወጣቶቹን ይከባሉ። «ልጄ፣ ተርሚን አውጪልኝ» ይላሉ፤ ቀጠሮ ማለታቸው ነው። የቢሮ ቀጠሮው በኢንተርኔት ሆኗል፣ ሁሉም በጀርመንኛ ነው። የሚስጥር ቁጥራቸውን ወረቀት ላይ ጽፈው ይሰጡናል። አንዳንዴ ያ ወረቀት እጄ ላይ ሲቀመጥ ያስፈራኛል።

እናቴን ያስተማረቻት የሱቋ ልጅ ናት። ስኳር ልትገዛ በሄደች ቁጥር ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ትንሽ ትንሽ ታሳያት ነበር። አንድ ቀን እናቴ ብቻዋን ሆና ለአክስቴ 1,500 ብር ስትልክ አንድ ቁጥር ተሳሳተች። የመጣውን ስም ሳታይ አረጋገጠች። ማንም ጋ አልደወለችም፤ ነጠላዋን አጣፍታ ቀጥ ብላ ሱቁ ሄደች። ልጅቷ ገንዘቡ የገባበትን ቁጥር ደወለች። ያነሳው ደሴ የሚኖር ሰው ነበር። አስረድታ፣ ለምና፣ ማታውኑ አስመለሰችላት። ከዚያ ወዲህ እናቴ መብራትም ውኃም የምትከፍለው እዚያች ባንኮኒ ላይ ሆነ።

ዘንድሮ ልጅቷ አግብታ ሐዋሳ ሄደች። ሱቁን አሁን የያዘው ወንድሟ ነው። እናቴ በስልክ ስትነግረኝ ባንክ ተሰልፋ ነበር፤ ወረፋው ይሰማኛል። «ስልክሽስ?» አልኳት። «አለ፤ ምንም አልሆነም» አለችኝ። «ልጁም ጨዋ ልጅ ነው። ገና አልተላመድንም እንጂ።»