«በነፃም ቢሆን ሥሪ» አትበሉኝ

አሁን ነው ከዛ ቢሮ የወጣሁት። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። ቤት እስክደርስ ይበርድልኛል፣ እንዲበርድልኝ ደግሞ አልፈልግም።

የሳይት መሐንዲስ ቅጥር ማስታወቂያው «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» ነው የሚለው። በቁጥር። ከሥሩ «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ»። ሁለቱም እኔ ነኝ። ቴምፖዬን (ጊዜያዊ ዲግሪዬን) እና የማይመለሰውን ኮፒ ይዤ ሄድኩ።

ሰውዬው ሲቪዬን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ልምድሽ የታለ?» አለኝ።

«ማስታወቂያው ዜሮ ዓመት ነው የሚለው።»

«እሱማ ነው። ግን ዜሮ ስንል ትንሽ ሳይት የለመደ ሰው ማለታችን ነው። ቢያንስ ሁለት ዓመት።»

ዜሮ ሲሉ ሁለት! ለሠሩት ሥራ ገንዘብ የሚጠይቁበት የክፍያ ሰርተፊኬት ላይ እንዴት እንደሚደምሩ እግዜር ይወቅ።

ዝም አልኩ። እሱ ቀጠለ። «ደግሞ ሳይት ለወንዶቹም ከብዷቸዋል። አንቺ ከፎርማን ጋር ተጨቃጭቀሽ ትችያለሽ? እህቴ፣ ጸሐፊ እንፈልጋለን፤ ለምን እሱን አታስቢበትም?»

«የተወዳደርኩት ለሳይት መሐንዲስነት ነው» አልኩት።

«ገብቶኛል፣ ለአንቺው ብዬ ነው።»

ለእኔው! ጸሐፊነት ክቡር ሥራ ነው፣ የተማረችው ትሥራው። እኔ አምስት ዓመት የተማርኩት ኮንክሪትና አፈር ነው። ይሄም ይሁን። ያቃጠለኝ በሩ ጋ ስደርስ የጨመረልኝ ነው። «የሆነ ቦታ በነፃም ቢሆን ሥሪ። ልምድ ያዢና ነይ።»

ይቺን ምክር ያልነገረኝ ሰው የለም። አጎቴ ነግሮኛል። የምረቃችን ዕለት ንግግር ያደረጉት እንግዳ ነግረውናል። ስለ ሥራ አፈላለግ ያሠለጠነን ሰውዬም ነግሮናል፣ ያውም እያጨበጨብን።

እሺ፣ በነፃ የሠራሁትን ማን ይቆጥርልኛል? ማስታወቂያዎቹን እስከ መጨረሻው አንብቧቸው እስቲ። «ከግል ድርጅት የተገኘ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት» ይላሉ። ደመወዝ ከሌለ ግብር የለም። ግብር ከሌለ ልምድ የለም። አብራኝ የተማረች ልጅ አንድ ኮንትራክተር ጋ በነፃ ታክኦፍ (ከንድፍ ላይ የሥራ መጠን ልኬት) ስትሠራ ከረመች። ማታ ማታ ቤት ወስዳ ሁሉ ትሠራ ነበር። የልምድ ደብዳቤ ስትጠይቅ «አንቺ እኮ ፔሮል ላይ የለሽም» አሏት። ለታክሲ የምታወጣው እንኳ ከእናቷ ኪስ ነበር። እናቷ ጉልት ነው የሚሸጡት።

ኢንተርንሺፑንስ ታስታውሱታላችሁ? ሳይት ላይ ስንት ነገር እየተሠራ እኛን ቢሮ አስቀምጠው ኮፒ ያስነሡን ነበር። ብረት ሲታሰር ልይ ብዬ ስወርድ «ሄልሜት የለም» ብለው መለሱኝ። ዛሬ እነሱ ናቸው «ተግባር አታውቁም» የሚሉን። የት እንወቀው? ያን ጊዜ በሩን የዘጋው ማን ነው?

ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጣ። 50 ያላመጣ ዲግሪ የለውም። ጥሩ፣ ተፈተንን፣ አለፍን። ቀጣሪው ግን መልሶ የራሱን ፈተና ያወጣል፣ ፈተናውን ስታልፍ ቃለ መጠይቅ፣ ከዛ «ማን ላከሽ?»።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለአሠሪ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ሰጥቶታል። 60 የሥራ ቀን! ልጅቷ ትችል አትችል እንደሆነ ለማየት ይበቃል። ካልቻልኩ ያሰናብተኝ፣ ሕጉም ይፈቅድለታል። ሳይት ሳያወርደኝ ከፎርማን ጋር መጨቃጨቅ እንደማልችል ከየት አወቀ?

እኛን 70/30 (ሰባ በመቶው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ) ብለው ወደ ኢንጂነሪንግ ሲነዱን አገሪቱ መሐንዲስ ትፈልጋለች ተባልን። እኛም አመንን። አሁን የወጪ መጋራቱን እስክንከፍል ኦርጅናል ዲግሪ አይሰጠንም። ለመክፈል ሥራ ያስፈልጋል። ሥራው ጋ ስንሄድ ኦርጅናል አምጡ የሚሉም አሉ። ደከመኝ። እውነት ደከመኝ። አባቴ ማታ ማታ «እንዴት ነው?» ማለቱን ትቷል፣ እንዳልከፋ ብሎ። እሱ ነው የበለጠ የሚያስከፋኝ።

ሰልፉ አሁንም ፈቅ አላለም።

በተረፈ ዛሬ ምክር አትላኩልኝ። ሲቪሽን አሳምሪ፣ ሪቪት የሚባለውን የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር ተማሪ፣ ታገሺ... ሁሉንም አድርጌዋለሁ። ሳይት ላይ የምታውቁት ሰው ካለ ግን ስልኩን በውስጥ ጣሉልኝ። ከከተማ ውጭም ቢሆን እሄዳለሁ።