«ጥራዙን ጠብቁ» ለሚሉን፦ ታዲያ እትሙ ለምን ተሸጠልን?

ሰሞኑን የአሜሪካ ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሔት) ወዳጆች አንድ ምክር እየተቀባበሉ ነው፦ የወሩን እትም አጻጻፍ መተቸቱን ትተን፣ የየወሩ እትሞች በአንድ ጥራዝ ተሰብስበው እስኪወጡ እንታገሥ። «ልብ ወለድን በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚፈርድ አለ?» ይሉናል።

ምዕራፍ አንድን ለብቻው በ4.99 ዶላር የሚሸጥ ልብ ወለድ ደራሲ አምጡና እንነጋገር። 20 ገጽ ታሪክ በአምስት ዶላር የገዛ ሰው ዕቃውን ተረክቧል፤ ሊመረምረው መብቱ ነው። ታሪኩ የሚዘልቅበት ስድስቱም እትም ይውጣ ማለት 30 ዶላር ከፍለህ አጉረምርም ማለት ነው።

20 ገጽ ያንሳልም ይባላል። በ1962 ጸሐፊው ስታን ሊና ሠዓሊው ስቲቭ ዲትኮ ስፓይደርማንን ሲያስተዋውቁ የፈጀባቸው 11 ገጽ ነው። በዚያች 11 ገጽ ልጁ ተናቀ፣ ሸረሪት ነከሰችው፣ ኃይል አገኘ፣ ታበየ፣ ሌባውን በቸልታ አሳለፈ፣ አጎቱ ተገደለ፣ ገዳዩም ያው ሌባ ሆኖ ተገኘ። በ2000 አሳታሚው ማርቭል ታሪኩን እንደ አዲስ ሲያስጀምር የመጀመሪያው ጥራዝ 7 እትም ሞላ። ያኛውስ ዝግታውን ለገጸ ባሕርያቱ ተጠቅሞበታል፤ ከኋላ የመጡት ግን የወረሱት ዝግታውን ብቻ ነው።

ስንፍናው ይበልጥ የሚጋለጠው ገጽ ሲገለጥ ነው። ኮሚክ ሲከፈት ሁለት ገጽ ባንዴ ዓይን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጥያቄው በቀኝ ገጽ የመጨረሻ ሳጥን (አንዱ ሥዕል የተከለለበት ክፈፍ) ላይ ይንጠለጠላል፤ አስደንጋጩ መልስ ደግሞ ከተገለጠ በኋላ በግራ ይመጣል። ለምሳሌ ማንነቱ የተደበቀው ከሃዲ በቀኝ ገጽ ላይ ገጹን ሞልቶ ከተሳለ አንባቢ የግራውን የመጀመሪያ ሳጥን ሳይጨርስ አይቶታል፤ የወር ሙሉ ምሥጢር በዓይን ጠርዝ አለቀ። መሃል የገባ አንድ ገጽ ማስታወቂያ ግራውን ወደ ቀኝ ገፍቶት ነው ይሉ ይሆናል። ታዲያ አርታኢ የተቀጠረው ምን ሊሠራ ነው?

ንግግሩንም በእጃችሁ ሸፍናችሁ ሥዕሉን ብቻ ተከተሉ። ማን ምን እንደፈለገ ካልገባችሁ ጸሐፊው በወሬ እየደገፈው ነው። የሌላው አሳታሚ የዲሲ አርታኢ የነበረው ሞርት ዋይዚንገር ለአንድ ሳጥን ከ35 ቃል በላይ አይፈቅድም ነበር ይላል የኮሚክ ጸሐፊው አለን ሙር። ዛሬ ሠዓሊው እንባ የሞላው ፊት ይስላል፤ ጸሐፊው ከላዩ «በጣም አዝኛለሁ» ብሎ ይጭንበታል። ይህን ለማየት ስድስተኛውን እትም መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል?

ደግሞስ ሱቆች ቀጣዩን እትም የሚያዙት ያለፈው ምን ያህል እንደተሸጠ አይተው ነው። ሁላችንም ምክሩን ሰምተን ብንታገሥ ትእዛዙ በሦስተኛው ወር ያሽቆለቁላል፣ አሳታሚው ይሰርዘዋል፣ ጠብቁት የተባልነው ጥራዝም አይታተምም።