የሥራ ባህል የለውም ያላችሁት ሠራተኛ ቅሬ ያለው ሠራተኛ ነው

ባለፈው ሰሞን እዚህ ኮምቦልቻ ስብሰባ ነበር፣ አንድ የፋብሪካ ኃላፊ ተነስቶ «የኛ አካባቢ ሠራተኛ የሥራ ባህል የለውም፣ አሰልጥነነው በሦስት ወሩ ጥሎን ይሄዳል» አለ፣ አዳራሹ አጨበጨበለት። እኔ ከኋላ ነበርኩ፣ ደሜ ፈላ፣ እስካሁንም አልበረደም።

የሥራ ባህል የለውም ማለት ምን ማለት ነው? ይሄ እኮ የወሎ ሰው ነው፣ ቅሬ ያለው ሰው፣ ቅሬ ማለት ጎረቤት ተሰባስቦ ሬሳ የሚቀብርበት፣ ሐዘንተኛ የሚረዳበት የኛ እድር ነው። ሌሊት ሰው ቢሞት ጠዋት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሥራውን ትቶ ይወጣል፣ ወንዱ መቃብር ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሴቶቹ እንጀራውንም ቡናውንም ይዘው ይደርሳሉ፣ ማንም ማንም ላይ አይጮህም፣ የቀረ ይቀጣል ቅጣቱንም ይከፍላል። ደሞዝ የለ፣ በጣት አሻራ የሚፈረም ፊንገር የለ። የቅሬው መሪ፣ ዳኛው ግን እያንዳንዱን ቤት ያውቃል፣ የማን ልጅ እንደታመመች፣ ማን አራስ እንደሆነች፣ ማን በስንፍና ማን በችግር እንደቀረ ለይቶ ያውቃል፣ ለዛ ነው ሲቀጣ እንኳን ሰዉ እሺ የሚለው። ታዲያ ይሄው ሰው የፋብሪካውን በር ሲያልፍ ነው ባህሉ የሚጠፋው? በፍጹም አልቀበልም። የሚጠፋው የሚያውቀው ዳኛ ነው።

ስድስት ዓመት ስፌት ላይን ላይ ሠርቻለሁ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመት ሱፐርቫይዘር ሆኜ። የተሾምኩት እጄ ፈጣን ስለነበር ብቻ ነው። ቅዳሜ ማሽን ላይ ነበርኩ ሰኞ አርባ ሰው ተሰጠኝ፣ ሰው እንዴት እንደሚመራ አንድ ሰዓት ያስተማረኝ የለም፣ የተሰጠኝ ታርጌት ነው፣ መውጣት ያለበት የቁራጭ ብዛት። ታርጌቱ ሲጎድል ከላይ እኔ ላይ ይጮሃሉ፣ እኔ ወርጄ ልጆቹ ላይ እጮሃለሁ።

ከሐርቡ በኩል የምትመላለስ አንዲት ልጅ ነበረችኝ፣ ያሳደገቻት አያቷ ሞተችባት። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጣ ስትመለስ እንደ ቀሪ ተይዛ ደሞዟ ተቆርጧል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እኮ በእንዲህ ያለ ሐዘን ሦስት የሥራ ቀን ከነክፍያው ይፈቅዳል፣ እኔ ግን ያኔ አላውቅም፣ የሰው ኃይል ክፍሉ፣ ኤችአሩም አልነገረኝም። ጥቁር ሻርፗን እንዳሰረች ክሩ ከመርፌው ወጥቶ ጨርቁን ዝም ብላ ስታየው ትዝ ይለኛል። እኔም ደርሼ «ታርጌት!» አልኳት። በማግስቱ አልመጣችም፣ ሪፖርቱ ላይ «ያለማስጠንቀቂያ የለቀቀች» ተብላ ተጻፈች። ኃላፊው የሥራ ባህል የለም ብሎ የሚቆጥረው እንግዲህ እሷን ነው።

ዋናው ደሞዙ ነው የምትሉ አላችሁ፣ ደሞዙማ ያንሳል፣ የግሉ ዘርፍ እስካሁን ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል እንኳ አልተቆረጠለትም። ግን ከእኔ ቀጥሎ ያለው ላይን ደሞዙ ያው ሆኖ ሰው አይለቅም ነበር፣ ምክንያቱም ሱፐርቫይዘሯ የሁሉንም ስም ታውቃለች፣ የቀረ ሰው ካለ በዛው ቀን ደውላ ደህና ነህ ወይ ትላለች፣ በቃ ይሄው ነው። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ ስንት ነገር ወድሞ ተዘርፎ ሥራው እንደገና ሲከፈት በር ላይ ተሰልፎ የጠበቀው ማን ነበር፣ ባህል የለውም የተባለው ሠራተኛ አይደለም እንዴ?

ስለዚህ ሠራተኛውን ከመስደባችሁ በፊት ሱፐርቫይዘሩን አሰልጥኑ፣ ሰው ሲሰጠው አብሮ አዋጁን ስጡት፣ የስንት ሰው ችግር ሰምቶ እንደፈታ ጠይቁት እንጂ ስንት ቁራጭ እንዳወጣ ብቻ አትጠይቁት።

ያቺን ልጅ ባለፈው ወር ደሴ ፒያሳ አገኘኋት። ቁርስ ቤት ነው የምትሠራው፣ ጠዋት 12 ሰዓት በሩን የምትከፍተው እሷ ናት። የቁርስ ቤቱን ባለቤት ስለሷ ጠየቅኳቸው፣ አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም አሉኝ።