ጉድጓድ የገባችው ኳስ

አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ ደወለ። «ከውጭ የመጡ የጎልፍ ክለብ አባላት አሉ። የወዳጅነት ልውውጥ ነው። ወደ ላሊበላ ሲሄዱ ደሴ ሁለት ቀን ያድራሉ። ሆቴል አይፈልጉም፤ ሰው ቤት ነው የሚያርፉት» አለኝ። እኔን መጀመሪያ ያሳሰበኝ ጎልፉ አይደለም። ሹካው ነው።

ቤታችን ያለው ሹካ ሁለት ነው። አንዱ ጥርሱ ጎድሏል። ከጎረቤት ስድስት ተዋስን። በማግስቱ እንግዶቹ እዚያው ጎረቤት ቤት ምሳ ሲጠሩ ሹካው ቀድሟቸው ሄደ። ማታ ሦስተኛው ቤት ላይ እንግዳችን ሹካውን አገላብጦ አየና ፈገግ አለ። አውቆታል።

እኛ ጋ ያረፉት ባልና ሚስት ናቸው። የጎልፍ ሕግ እስከ 14 ዱላ መያዝ ይፈቅዳል፤ ባልየው አንድም አላጎደለም። እናቴ ቦርሳውን አየት አድርጋ «ይኼን ሁሉ ዱላ ተሸክሞ ከማን ሊጣላ ነው?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ለማስረዳት ሞከርኩ። «ኳሷን 18 ጉድጓድ ውስጥ በየተራ ያስገባሉ። በትንሽ ምት የጨረሰ ያሸንፋል።»

«ትንሽ የመታ? እንዲያ ከሆነማ ቤቱ ቁጭ ያለው ያሸንፋላ!»

ሃንዲካፕ የሚሉትን ግን ወደዱት። ደካማው ተጫዋች ከምቱ ይቀነስለታል፤ ከጎበዙ ጋር እኩል እንዲፎካከር። ጎረቤታችን «ይኼስ ይሉኝታ ያለው ጨዋታ ነው» አሉ።

ችግሩ ማዕድ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ትንሽ የበላ ተሸናፊ ነው። ሰውየው በቃኝ ባለ ቁጥር እናቴ «በሞቴ!» ትላለች። ትርጉሙን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ደነገጠና እሷን ላለመግደል በላ። ሚስቱ ደግሞ ሥጋ አትበላም። ሽሮና ምስር ቀረበላት። በሁለተኛው ቀን እናቴ አዘነችላት፤ «የዚች ልጅ ፋሲካ መቼ ነው?» ልጅ የተባለችው ሴትዮ 68 ዓመቷ ነው።

እንደ ወሎ ደንብ በግም ሁለት ታርዷል፤ አንዱ የክርስቲያን ቤት፣ አንዱ የእስላም ቤት። «እንግዳችሁ የየትኛው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «የጎልፍ ነው» አልኩ። ከሁለቱም ቤት ተላከለት።

ደሴ የጎልፍ ሜዳ የላትም። ጦሳ ተራራ ሥር ተጠግታ ያደገች ከተማ ሜዳ ከየት ታመጣለች? ስለዚህ ሐይቅ ከተማ አጠገብ አንድ የግጦሽ ሜዳ አስፈቀድን። አንዲት ጉድጓድ በአካፋ ቆፈርንና አጠገቧ ዱላ ተክለን የነጠላ ቁራጭ አሰርንበት። ቀጠሮው ጠዋት 3 ሰዓት ነበር። አቦሉን ጠጥቶ ሊነሳ ሲል «ቶናው?» ተባለ። ከቶናው በኋላ «በረካውን ሳይጠጣ?» ተባለ። ሜዳው ላይ የደረስነው 8 ሰዓት ነው። ቁርስና ምሳ በሆዱ ይዞ ወገቡ እንዴት ይዙር?

የመጀመሪያዋ ምት አፈር ብቻ አነሳች። ሁለተኛዋ ከአንዲት ላም እግር ሥር ገባች። ሦስተኛዋ ግን! ከባሕር ወለል ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ኳስ ይርቃል። ከ46 ግራም የማትከብድ ነገር እንደ ወፍ በረረች። ነጠላው አጠገብ አረፈች፣ ተንከባለለች፣ ከዓይናችን ጠፋች። ሰውየው ዱላውን ጥሎ ጭንቅላቱን ያዘ። ሚስቱ ጮኸች። ከሩቅ መትቶ በቀጥታ ጉድጓድ ማስገባት ለስንቱ ጎልፈኛ ዕድሜ ልኩን አይሆንለትም።

ያን ጊዜ አንድ እረኛ ልጅ ከወዲያ ሲሮጥ መጣ። እያለከለከ ኳሷን በሁለት እጁ ለሰውየው አቀረበ። እጁ አፈር በአፈር ሆኗል።

«ጉድጓድ ገብታባችሁ ነበር» አለ። «አወጣኋት።»

ሰውየው ኳሷን ይዞ ወደ እኔ ዞረ። ልጁ ምን እንዳለ ጠየቀኝ።

«እንኳን ደስ አለዎት ነው የሚለው» አልኩት።