መርዝ ለምኑ?
እዚህ በተለጠፈው የገማ እንጉዳይ ፎቶ ሥር «ግቢያችሁ ውስጥ ካያችሁት ቶሎ መርዝ እርጩበት» የሚለው ላይ አልስማማም። ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ ነሐሴ ላይ ዝናብ በጣለ ማግስት ደጄ ላይ ካለው መልች (ተክል ሥር ከሚነሰነሰው የእንጨት ፍርፋሪ) ውስጥ ብቅ ይላል። የመጀመሪያ ጊዜ ሽታው የሞተ አይጥ መስሎኝ ቤቱን ሙሉ በባትሪ ስፈልግ አመሸሁ! ይሄ ገማ እንጉዳይ ተክሉን አይነካም፤ የሚበላው የበሰበሰ እንጨት ነው። ሽታው ደግሞ ለእኛ ሳይሆን ለዝንብ የተላከ ግብዣ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ዝልግልግ ስፖሩን (እንደ ዘር የሚራባበትን ብናኝ) ይዟል፣ ዝንቡ ይልሰውና ሌላ ቦታ ያደርሰዋል። ተልሶ ሲያልቅ ሽታውም ይቀንሳል፣ በ2 እና 3 ቀን እንጉዳዩ ራሱ ይወድቃል። ከላይ፣ እንጉዳዩ ከመውጣቱ በፊት ያለውን እንቁላል መሰል ነገር «የእባብ እንቁላል ነው» ያልከው ወንድሜ፣ እኔም ብዬ ነበር። አንዱን በቢላ ለሁለት ሰንጥቀው፦ ዙሪያውን እንደ ጄሊ የሚያዳልጥ ነገር፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ተጨምቆ የተቀመጠ ግንድ ታያለህ። ከሥሩም እንደ ክር ያለ ነጭ ሥር ይንጠለጠላል፤ የእባብ እንቁላል ይሄ የለውም። በነገራችን ላይ ፎቶው ፋለስ ራቬኔሊ የሚባለው የገማ እንጉዳይ ዝርያ አይደለም። እኔ ጋ የሚበቅለው ራቬኔሊ ነው፣ ራሱን የቻለ ቆብ አለው። የፎቶው ብርቱካናማ ሆኖ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ፣ ቆብ የሌለው ነው፤ ሙቲነስ ኤሌጋንስ የሚባለው ሌላው ዝርያ ይመስለኛል።