መብራቱን ላብራልዎት?

ባለፈው ወር አንድ የሥዕል ዐውደ ርዕይ መክፈቻ ላይ ተገኝቼ ነበር። ሐሙስ፣ አመሻሽ 12 ሰዓት ተኩል። አዳራሹ ጢም ብሏል። የክብር እንግዳው ዘግይተው ገቡ። ሪባን ተቆረጠ፤ ንግግር ተደረገ፤ ሌላ ንግግር ተደረገ። ወይኑ በፕላስቲክ ኩባያ፣ ፋንዲሻው በሰፌድ ዞረ። ሰው ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቶ ፎቶ ይነሣል። እኔም ተነሥቻለሁ፣ አልዋሽም። ሠዓሊው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እየተጠራ «እንኳን ደስ አለህ» ሲባል አመሸ። ስለ ሥራው አንድ ጥያቄ የጠየቀው ሰው ግን አላየሁም።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ተመልሼ ሄድኩ። ሥዕሎቹን በወጉ ልያቸው ብዬ ነው። አዳራሹ ጨለማ ነበር። በሩ ላይ የተቀመጠው ጥበቃ ብድግ አለና «መብራቱን ላብራልዎት?» አለኝ።

የአስተያየት መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። ሐሙስ ብቻውን አራት ገጽ ሞልቷል። «በርታ!»፣ «ግሩም ነው»፣ «ከዚህ በላይ ያሳድግህ»። ዓርብ ሁለት ሰው ጽፏል። ቅዳሜ አንድ፣ እሱም ስልክ ቁጥሩን ነው የተወው። ሰኞ ማንም የለም። ስወጣ ጥበቃው መብራቱን መልሶ አጠፋ። ቆጣሪው የሚቆጥረው ለእኔ ብቻ ኖሯል።

ማንንም ልወቅስ አይደለም። አዳራሹን የሰጠው ክፍል ደግ ሠርቷል። ሠዓሊውም የሁለት ዓመት ሥራውን ነው ያቀረበው። ግን አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው። ዐውደ ርዕይ የምንለው ነገር ወደ አንድ ምሽት ግብዣ እየጠበበ ሄዷል። ግብዣው ሲያልቅ ሥዕሉም ያለቀ ይመስለናል።

የሠዓሊ ድርቅ የለብንም። ሠዓሊው አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው የሚጠራው፣ ስንቱን አስተምሮ አውጥቷል። የሠዓሊው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥዕሎች ከጀርመን ተመልሰው በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለን። መካኒሳ ውስጥ ዞማ ሙዚየም አለ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ በጣሊያን በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርዒት፣ በቬኒስ ቢየናሌ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ፓቪሊዮን፣ ማለትም የአገር ማሳያ ስፍራ፣ ይዛ ቀረበች። ሥራዎቹ የተስፋዬ ኡርጌሳ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በዚሁ በአለ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በኋላ ወደ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት የሄደ ሠዓሊ ነው። ዜናውን ሰምተን ኮራን። ደግ አደረግን። ግን በዚያው ሳምንት «በሰፈርህ የሚኖር አንድ ሠዓሊ ጥቀስ» ብባል እኔ ራሴ ዝም ነበር የምለው።

በኋላ ነው ያወቅኩት። አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ስሜን አትጥራ ስላለኝ አልጠራውም። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አቀበቱ ላይ፣ ከአንድ ግቢ ጓሮ ባለች ሰርቪስ ቤት ውስጥ ይሠራል። ሦስት በአራት ብትሆን ነው። ስትገባ መጀመሪያ የሚቀበልህ የአኳራጅ ሽታ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ ቀለም በቀለም ላይ ደርቆ ጠጠር ሠርቷል። ብሩሾቹ መስኮቱ ላይ በሳልሳ ጣሳ ውስጥ ቆመዋል። ሸራ የሚለው አቡጀዲ ነው። ከመርካቶ ይገዛል፤ አናጢ ባበጀለት የእንጨት ፍሬም ላይ ወጥሮ ይመታዋል። ከዚያ ኮላና ነጭ ቀለም ቀላቅሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደርብበታል። ሲደርቅ በጣቱ ያንኳኳዋል። እንደ ከበሮ ድም ካለ ደርሷል ማለት ነው።

ለጎረቤቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ቀቢ ነበር የሚመስለው። ቀለም የነካ ልብስ ለብሶ ይወጣል፣ ቀለም የነካ ልብስ ለብሶ ይገባል። ሌላ ምን ይባል? አንዱ እንዲያውም የበሩን ማስቀቢያ ዋጋ ሊነጋገር መጥቶ ነበር።

ይሄ ሳያስቀው አልቀረም፤ ግን አናደደውም። አንድ ቅዳሜ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተውና ሥራዎቹን ግቢው ውስጥ ግድግዳ ላይ አስደገፋቸው። ኦፕን ስቱዲዮ መሆኑ ነው። ፖስተር የለ፣ የክብር እንግዳ የለ። አከራዩ ቡና አፈሉ። ከሰፈሩ ሃያ አምስት ሠላሳ ሰው ገብቶ ወጣ። ግማሹ ሕፃናት ናቸው። አንዱ ጎረምሳ «የሟች አባቴን ፎቶ ላምጣልህ፣ ትሥልልኛለህ?» አለው። አንዲት ሴት ዋጋ ጠየቀችና ስትሰማ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ማንም ግን ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቶ አልቆመም።

ከሁሉ የማይረሳኝ የአከራዩ ነገር ነው። ሁሉም እማማ ነው የሚላቸው። ጀበናውን አስቀምጠው አንድ ትልቅ ሥዕል ፊት ቆሙ። ከላይ ወደ ታች የታየ የቆርቆሮ ጣራ ነው፤ ዝገት፣ ግራጫ፣ አልፎ አልፎ ሰማያዊ። እኔ ምንነቱ የማይለይ «አብስትራክት» ሥዕል ነው ብዬ አልፌው ነበር።

«ይሄ የኛ ሰፈር ጣራ ነው?» አሉት።

«አዎ እማማ። እንዴት አወቁ?»

«ይቺ ድንጋይ የተጫነባት የኔ ናት። ነፋሱ እንዳይገነጥላት ብዬ ያስጫንኳት። ድንጋይዋን አላውቃትም ልትለኝ ነው?»

ሳቅን። እሳቸው ግን አልጨረሱም። «ሰማዩን ለምን ተውከው?» አሉት። ቦታ አልበቃኝም አላቸው። «እሱን ነበራ መጀመሪያ መሥራት» ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ጓደኛዬ ሰማዩን አልጨመረም። ሥዕሉን ግን ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይፈርምበት አቆየው።

እኔ የምለው ይሄንን ነው። አዳራሽ ውስጥ የተሰቀለ ሥዕል አልቋል፣ ተፈርሞበታል፣ ዋጋ ተለጥፎበታል። ተመልካች ቢወድ ያደንቃል፣ ባይወድ ዝም ይላል። ስቱዲዮ ውስጥ ያለው ግን ገና እርጥብ ነው። «ሰማዩስ?» ማለት ይቻላል። ሥዕል የሚያይ ሕዝብ የለንም እያልን እናማርራለን። ሥዕል ሲሠራ አይቶ የማያውቅ ሰው እንዴት የሥዕል ተመልካች ይሆናል? እግር ኳስ የምንወደው እኮ ሜዳ ላይ ስለ ተራገጥን ነው።

የሠዓሊ ቤት ለእንግዳ መከፈቱ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አፈወርቅ ተክሌ በሕይወት እያሉ ቪላ አልፋን በቀጠሮ ለመጣ ሰው እየከፈቱ፣ ራሳቸው እየዞሩ ያስጎበኙ ነበር። በእርግጥ ቪላ አልፋ ቤተ መንግሥት ቢጤ ነው፤ የእኛ ሰፈር ሰው ደወሉን ለመደወልም ይፈራ ነበር። ሥዕልን ከዕለት ኑሮ ጋር የቀላቀሉም ነበሩ። ቦሌ፣ ማኩሽ በሚባለው ጋለሪና ምግብ ቤት፣ እራት እየበላህ ግድግዳውን ታያለህ። ካዛንቺስ፣ ፈንድቃ የባህል ማዕከል፣ ለአዝማሪና ለእስክስታ የመጣ ሰው ሳያስበው ሥዕል አይቶ ይወጣ ነበር። በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንድቃም ከቦታው ተነሣ። ስለ መልሶ ማልማቱ ክርክር ሌላ ቀን እመለሳለሁ። ለአሁኑ ይህን ብቻ ልበል፤ ሠዓሊ ርካሽ ጓሮ ካላገኘ አይሠራም። ርካሽ ጓሮ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈርሰው ሰፈር ውስጥ ነው ያለው።

ስቱዲዮን ለሰፈር ሰው የመክፈቱን ሐሳብ ለሌሎች ሠዓሊዎች ሳነሣ ሁሉም እሰየው አላሉኝም። አንዷ «ስቱዲዮ ማለት መኝታ ቤት ማለት ነው፣ ያልተነጠፈ አልጋዬን ለማን ላሳይ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሁሉም ሠዓሊ ሰው ፊት መሥራት አይሆንለትም፤ መገደድም የለበትም። ሌላው ስርቆት ፈራ። ሌላው አከራዩን ፈራ፤ ሰው ሲገባ ሲወጣ ካዩ ኪራይ ይጨምሩብኛል ብሎ። ይቺ ፍርሃት ከሁሉ ትብሳለች መሰለኝ፣ ምክንያቱም ቀልድ አይደለችም።

የዋጋው ነገርም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። አክሪሊክ ቀለሙ ከውጭ ነው የሚመጣው። የዘይት ቀለሙም፣ ደህናው ብሩሽም እንደዚያው። ጓደኛዬ ነጩን ቀለም እንደ ቅቤ ቆጥቦ ነው የሚጠቀመው። ሥዕሉ በጋለሪ ሲሸጥ ደግሞ ከዋጋው ሲሶ፣ አንዳንዴም እኩሌታው ለጋለሪው ነው። ጋለሪውም ኪራይ አለበት፣ ሰው ይቀጥራል፣ ገዢ ያፈላልጋል፤ ስለዚህ ዘራፊ አልለውም። ውጤቱ ግን ያው ነው። ዋጋው ወደ ላይ ይሰቀላል፣ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ በዶላር ይጻፋል፣ የአገሩ ደመወዝተኛ ከመግቢያው ይመለሳል።

እዚህ ላይ ለሠዓሊዎቻችን አንድ ወቀሳ አለኝ። ትልቁን ሥዕል በትልቅ ዋጋ ሽጡ፣ ይገባችኋል። ግን ትንሿስ? ከትልቁ በፊት በወረቀት ላይ የሠራችኋት ንድፍ የት ነው የምትገባው? ከአልጋ ሥር! የጓደኛዬን ካርቶን ከፍቼ ሳይ መቶ የሚሆኑ ነበሩ። አንዷን አንሥቼ «ይቺ ስንት ናት?» ስለው ደነገጠ። «እሷማ ሥራ አይደለችም» አለኝ። ለእሱ አይደለችም ይሆናል፤ ለእኔ ግን ግድግዳዬ ላይ ልሰቅላት የምችለው እሷ ብቻ ናት።

ገዢውም ቢሆን መላ አያጣም። ዕቁብ የሠራ ሕዝብ ሥዕል መግዛት እንዴት ያቅተዋል? ሰባት ስምንት የሥራ ባልደረቦች በየወሩ ይጥላሉ። ዕጣው የወጣለት ሰው ቅዳሜ ወደ አንድ ስቱዲዮ ሄዶ ለቤቱ የሚሆነውን ይመርጣል። ሠዓሊው በየወሩ የሚመጣ ሰው እንዳለ ያውቃል፤ ቀለሙንም ያንን ተማምኖ ይገዛል። ሰባቱም ሥራውን ያያሉ፣ ይከራከራሉ፣ የሚቀጥለው ተረኛ ከወዲሁ ዓይኑን ይጥላል። ለዚህ ሚኒስቴር አያስፈልግም፤ ደህና ዳኛና ደህና ጸሐፊ ካለ ይበቃል።

እኔ ጀምሬያለሁ፣ ብቻዬን ቢሆንም። የመሥሪያ ቤታችን ዕቁብ ሲወጣልኝ ከገንዘቡ ላይ ቆንጠር አድርጌ ከዚያች ካርቶን ውስጥ አንዷን ገዛሁ። ለትልቁ ሥዕል የተሠራች ትንሽ ንድፍ ናት፤ ጣራው፣ ድንጋይዋም አለችበት። ጓደኛዬ ዋጋ መቁረጥ አፍሮ በመጨረሻ እኔው ቆረጥኩ። ከሥዕሏ ዋጋ ይልቅ የመስታወቱ ፍሬም በለጠ።

ባለቤቴ አልተደሰተችም። በዕቁቡ ሶፋ ልንቀይር ነበር የተነጋገርነው፤ የቆንጠርኩት ደግሞ ከሶፋው ላይ ነው። ሁለት ቀን አኮረፈች። በሦስተኛው ቀን «እስቲ ይሄን ሠዓሊህን አሳየኝ» አለችኝ። የሚቀጥለው ቅዳሜ አቀበቱን ይዣት ወጣሁ። እማማ ቡና ሰጧት፤ እጇን ይዘው ከአጥሩ ማዶ ጣራቸውን አሳዩአት።

አሁን ሥዕሏ ከአሮጌው ሶፋ በላይ ተሰቅላለች። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው የሶፋው ቀዳዳ ላይ ነው። ባለቤቴ ግን ትቀድማለች። «ሶፋውን ተዉትና ያቺን ድንጋይ አያችኋት?» ትላለች።