ማዘር፣ እዚህ ጋ አይቆምም

ባለፈው ሳምንት ስታዲየም አካባቢ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የሰማኋት አንዲት መልስ እስካሁን አልዋጥ ብላኛለች።

መድረክ ላይ የነበረው ወጣት መኪና ላይ የሚገጠም ካሜራ ያስተዋውቅ ነበር። አንዱ ዓይን መንገዱን ያያል፤ ሌላው ሾፌሩን። ሾፌሩ ካዛጋ፣ ስልክ ከነካ፣ ጉዞ ሳያልቅ መሃል ላይ ከቆመ ለድርጅቱ ያሳብቃል። ነጥብ ይቀነሳል። ነጥቡ ሲያልቅ ሾፌሩ ይታገዳል። አንድ የሜትር ታክሲ ድርጅት አስገጥሞት ሁለት ወር ሆኖታል። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ ተሳፋሪው ድንገት ቢታመምስ አለችው። ፈገግ አለ። ታማሚ አምቡላንስ ይጥራ፣ ካሜራ ሰበብ አይሰማም፣ አይዋሽም፣ አያዳላም አለ። አዳራሹ ሳቀ። አጨበጨበም።

እኔ አልሳቅኩም። የተቀመጥኩት በሩ አጠገብ ነበር። ሁሌም በር አጠገብ ነው የምቀመጠው። አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የሚባል የአንጀት ቁስለት ከያዘኝ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ለቅሶ ቤትም ሆነ ሰርግ ቤት ስገባ መጀመሪያ የምፈልገው ባለቤቶቹን አይደለም። መጸዳጃ ቤቱን ነው።

በሽታው በግልጽ ይነገር ከተባለ እንዲህ ነው። የትልቁ አንጀት የውስጥ ሽፋን ይቆስላል፤ ይደማል። ቁስሉ የሚነሣው ከታችኛው ጫፍ ነው። ያ ጫፍ ሥራው መያዝ ነው። ሲቆስል መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ "ትንሽ ቻይው" የሚባል ነገር አይሠራም። ወንድሙ ክሮንስ ደግሞ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ያሻው ቦታ ላይ ይወጣል። ሁለቱም ይተኛሉ፣ ይነሣሉ፣ እንደገና ይተኛሉ። ነቅሎ የሚያሰናብታቸው ክኒን የለም።

እኔ ስሙን ለመስማት ብቻ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። መጀመሪያ አሜባ ነው ተባልኩ። ቀጥሎ ጃርዲያ። ቀጥሎ ታይፎይድ። ሜትሮኒዳዞል እንደ ቆሎ ቅሜአለሁ። የአንጀት ቲቢም ተጠርጥሮ ነበር። በዚህኛው እንኳ ማንንም አልቀየምም፤ የአንጀት ቲቢና ክሮንስ እየተመሳሰሉ ሐኪም ያሳስታሉ። በመጨረሻ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ቁስሉን የሚያበርድ ስቴሮይድ ተጀመረልኝ። ፊቴ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ። ዘመድ ሁሉ "ተመቸሽ! አማረብሽ!" አለኝ። ደም እየፈሰሰኝ፣ ተመቸሽ።

እኛ አገር ሰው ስለ ስኳሩ ያወራል። ስለ ደም ግፊቱማ ቡና ላይ ይፎካከራል። የአንጀት ነገር ሲሆን ግን ሆድ ይፍጀው ነው። የእኔ ሆድ ደግሞ አይፈጅም። ችግሬ እሱ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ምን ወሰደሽ ካላችሁ፣ ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ከለገሃር ወደ ፒያሳ ቸርችልን በሜትር ታክሲ እየወጣሁ ነበር። ፖስታ ቤትን እንዳለፍን መጣብኝ። "የኔ ልጅ፣ አቁምልኝ" አልኩት። "ማዘር፣ እዚህ ጋ አይቆምም። ካሜራው ይመዘግብብኛል" አለኝ። ከዚያ በመስታወቱ ፊቴን አየው። ሌላ ቃል አልተናገረም፤ ዳር ይዞ አቆመ። ከአንድ ካፌ ስመለስ ስምንት ደቂቃ አልፏል። ውኃ ገዝቶ በሩን ከፍቶ ጠበቀኝ።

በማግስቱ ደወለልኝ። ለሦስት ቀን ታግዷል። መዝገቡ ላይ "ያለ ምክንያት መቆም፣ ስምንት ደቂቃ" ይላል። ያለ ምክንያት! የሕክምና ወረቀቴን ይዤ ቢሯቸው ድረስ ሄድኩ። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ልጅ ጨዋ ናት። አዘነችልኝም። "ግን እትዬ፣ ሲስተሙ ነው እኮ" አለችኝ። ድሮ ቢሮ ስንሄድ ሲስተም የለም እየተባልን እንመለስ ነበር። አሁን ሲስተም አለ እየተባልን እንመለሳለን።

እና ይሄ ሁሉ ሆኖ አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ካሜራ አይዋሽም ይለኛል። እሺ፣ ስለማይዋሽ ዓይን እናውራ።

በማርች 2018 አሪዞና ውስጥ፣ ቴምፒ በምትባል ከተማ፣ የኡበር ራሱን የሚነዳ መኪና ብስክሌት እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። ያ መኪና በካሜራ ብቻ ሳይሆን በራዳርና በሌዘርም ያይ ነበር። መርማሪዎቹ ያገኙትን ልብ በሉ። ሲስተሙ ሴትየዋን ከ5 ሰከንድ በላይ ቀድሞ አይቷታል። መጀመሪያ መኪና ናት አለ። ከዚያ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር። ከዚያ ብስክሌት። እንደገና ምንነቱ ያልታወቀ ነገር። ሰው ናት ብሎ አያውቅም። ለምን? ከዜብራ ውጭ የሚያቋርጥ እግረኛ ሊኖር እንደሚችል ማንም አልነገረውማ። ውስጥ የተቀመጠችው ተቆጣጣሪም ዓይኗ መንገዱ ላይ አልነበረም፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ዋናው ነገር ማሽኑ አልዋሸም። አይቷል። ያየውን ግን አላወቀውም።

ከዜብራ ውጭ የሚያቋርጥ እግረኛ የማያውቅ ማሽን ሜክሲኮ አደባባይ ቢመጣ ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱ።

ቮልቮም ጉዱ ወጥቷል። ስዊድን ውስጥ ትልልቅ የዱር እንስሳትን እንዲለይ የተሠራው ሲስተሙ አውስትራሊያ ሲሄድ ካንጋሮ ግራ አጋባው። ካንጋሮ ሲዘል አየር ላይ ነው፤ ሲያርፍ መሬት ላይ ነው። ማሽኑ ርቀቱን መለካት አቃተው። ኩባንያው ራሱ በ2017 ያመነው ነገር ነው። ማሽን ያሳደገውን አገር ነው የሚያውቀው። እነዚህ ዓይኖች ከሚማሩባቸው ዝነኛ የፎቶ ክምችቶች አንዱ ሲቲስኬፕስ ይባላል። በ2016 ነው የወጣው። ፎቶዎቹ የተሰበሰቡት ከ50 ከተሞች ሲሆን አብዛኞቹ የጀርመን ናቸው። ጀርመን መንገድ ላይ፣ ግማሽ አካሉን ሚኒባስ በር ላይ አንጠልጥሎ "ፒያሳ! ፒያሳ!" የሚል ረዳት የለም። እሱ ምንድን ነው? ሰው ነው ወይስ የመኪና ክፍል? የፋሲካ ዋዜማ በሰው ትከሻ ላይ የሚያልፍ በግስ? ባለ አራት እግር እግረኛ?

እንግዲህ በዚህ ዓይን ፊት ሆዷን ይዛ፣ ጎንበስ ብላ የምትሮጥ የሃምሳ ዓመት ሴት ምንድን ናት? መልሱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። "ያለ ምክንያት መቆም" ናት።

ቢዋይዲ የተባለው የቻይና መኪና አምራች በ2025 ሾፌር የሚያግዘውን ሲስተሙን "የአምላክ ዓይን" ብሎ ሲያስተዋውቅ ሰምቼ ነበር። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣ ሰው ጠበል ይወሰዳል። እኔ የማውቀው አምላክ ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያመላለሰውን ይመረምራል። ይሄኛው አንጀት ጋ እንኳ አልደረሰም።

ጥቅም የለውም ያልኩ እንዳይመስላችሁ። በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው መንገድ ላይ ያልቃል። የአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 2024 ጀምሮ የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ ያንቀላፋ ሾፌር የሚቀሰቅስ መሣሪያ ይኑረው ብሏል። ጥሩ አደረገ። ጉዞ መሃል ላይ ሌላ ሰው የሚጭን፣ ጫት ሊገዛ የሚወርድ ሾፌር መኖሩንም አውቃለሁ፤ ተሳፍሬበታለሁ። ያንቀላፋውን ቀስቅሱት። ያቆመልኝን ግን ለምን ትቀጡታላችሁ?

ወጣቱ ሌላም ተናግሮ ነበር። ይኸው ቴክኖሎጂ ኮሎኖስኮፒ ላይ፣ ማለትም ትልቁ አንጀት ውስጥ ካሜራ ገብቶ በሚታይበት ምርመራ፣ ሐኪም ያላየውን ስለሚያይ የአንጀት ታማሚም ተጠቃሚ ነው አለ። ግማሹ እውነት ነው። አሜሪካ በ2021 ጂአይ ጂኒየስ የተባለ እንዲህ ያለ መሣሪያ ፈቅዳለች። መሣሪያው የሚያድነው ግን ፖሊፕ ነው፤ ውሎ አድሮ ካንሰር ሊሆን የሚችል ትርፍ ሥጋ። ጥሩ ሥራ ነው። የእኔን ቁስል አያክምም እንጂ።

ደግሞስ ይሄ ልጅ ኮሎኖስኮፒ ተነሥቶ ያውቃል? ልንገረው። ከዋዜማው ጀምሮ አንጀት የሚያጥብ ፈሳሽ ትጠጣለህ። እስከ 4 ሊትር ሊደርስ ይችላል። ሌሊቱን መጸዳጃ ቤት ታድራለህ። ጠዋት፣ ሆድህ ገና ሳይረጋ፣ ታክሲ ይዘህ ሆስፒታል ትሄዳለህ። በየትኛው ታክሲ? መሃል ላይ በማይቆመው! አንዱ ካሜራ ሊያየኝ ሆስፒታል ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ሌላው ካሜራ ሆስፒታሉ እንዳልደርስ መንገድ ላይ ይከለክለኛል። ከዚያ ለታማሚ መጣንለት ይሉናል። ይሄን ካሜራ ከመግጠማቸው በፊት አንድ የአንጀት ታማሚ ጠርተው እንዳላናገሩ በነፍሴ እወራረዳለሁ።

ቢጠይቁኝ ዝርዝሬ ረጅም አልነበረም። መድኃኒቴ አይቆራረጥ። ቁስሌን የሚያበርደውን ሜሳላዚን የምታመጣልኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ ከአሜሪካ በሰው ሻንጣ፣ ከሽቶና ከቸኮሌት ጋር። የሰውነትን መከላከያ የሚያበርደውን አዛታዮፕሪን የሚወስዱ ደማቸው በየጊዜው ይታይላቸው፤ መድኃኒቱ የደም ሕዋስ ሊቀንስ ይችላል። ኢንፍሊክሲማብ የሚባለው መድኃኒት ለክሮንስ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1998 ነው። እኔ እስካሁን በስም ነው የማውቀው። ይሄ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ይገባኛል።

መቆም ግን ምን ያስወጣል?

ኢሊኖይ የምትባለው የአሜሪካ ግዛት በ2005 ሕግ አውጥታለች። እንደኔ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ሱቅ ውስጥ ሳለ ቢመጣበት፣ ለሠራተኛ ብቻ የተባለውን መጸዳጃ እንዲጠቀም ይፈቀድለታል። እንግሊዝ ውስጥ የታማሚዎች ማኅበር ለአባላቱ "መጠበቅ አልችልም" የሚል ካርድ ይሰጣል። እያሳዩ ይገባሉ። እኔ የምይዘው ካርድ ብር ነው። ካፌ እገባና ማኪያቶ አዛለሁ። "ለደንበኛ ብቻ" ተብሎ ተለጥፏላ። ከዚያ የጣውላ ቁራጭ የታሰረበት ቁልፍ ይሰጠኛል። ጣውላዋን አንጠልጥዬ በሰው ሁሉ ፊት አልፋለሁ። ማኪያቶው ጠረጴዛ ላይ ይቀዘቅዛል፤ ወተት አይስማማኝም። በአንድ ቀን ሦስት ማኪያቶ ገዝቼ አንዱንም ያልቀመስኩበት ጊዜ አለ። በኮሪደሩ መንገድ የሕዝብ መጸዳጃዎች መሠራታቸውን አልክድም። አንዱ ሁለት ጊዜ ከጉድ አውጥቶኛል። ሦስተኛው ቀን ማታ ተቆልፎ አገኘሁት። የሚቀጥለውን አልነግራችሁም።

ለካሜራው ሰዎች ግን ካርድም ሕግም አልጠየቅኩም። አፕሊኬሽናቸው ላይ አንዲት ምልክት ይጨምሩ። "አሞኛል፣ አቁምልኝ" የምትል። ተሳፋሪዋ ትነካለች፣ ሾፌሩ ከቅጣት ይተርፋል፣ አበቃ። ይሄን ሐሳብ ከአዳራሹ ስንወጣ ለወጣቱ ነገርኩት። ሰው ይዋሻል አለኝ። ማን ነው እባካችሁ እዚህ አገር ሆዴን መያዝ አቃተኝ ብሎ በውሸት የሚያውጅ? እውነቱን የሚናገር እንኳ ጠፍቶ!

ሾፌሬ ወደ ሥራው ተመልሷል። አሁንም ስደውል ይመጣል፤ አንጀቱ አይችልም። መላም ፈጥሯል። ሲመጣብኝ "ጉዞ ጨርስ" የሚለውን ይነካና ያወርደኛል። ስመለስ አዲስ ጉዞ እንጀምራለን። መነሻ ሒሳቡን እንደገና እከፍላለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ከለገሃር ፒያሳ ለመድረስ ሦስት ጊዜ ወረድኩ። በማይዋሸው መዝገብ ላይ ያን ቀን ጠዋት አራት ደንበኞች በሰላም ደርሰዋል። አራቱም እኔ ነኝ።